ሸምበቆና የጉልበት ማሞቂያዋ

ዳገቱ አናት ላይ ባለችው ትንሽ ሆስፒታል የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ሸምበቆ ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከቁመቷና ከቅጥነቷ ነው። እሷም አልከፋትም፤ እንዲያውም እናትና አባቷ ባወጡላት ስም ሲጠሯት ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ወደ ኋላ ዞር ትላለች። አርባ ዓመት ደፍናለች። ሥራዋ ከሆስፒታሉ የደም ናሙና በጀርባዋ አዝላ፣ በብስክሌት ቁልቁል ወርዳ ከተማው መሐል ላለው ዋና ላቦራቶሪ ማድረስ፣ ሲታዘዝም ከጎኑ ካለው ደም ባንክ ደም ይዛ ሽቅብ መመለስ ነው። መኪና ጠፍቶ አይደለም። ግርጌው ላይ ያለው ድልድይ ለጥገና ተብሎ ግማሹ ከታጠረ ወዲህ መኪኖች ተሰልፈው ጥሩምባ ሲነፉ፣ እሷ በእግረኛው መተላለፊያ ሾልካ ታልፋለች።

ሥራዋን ትወዳለች ቢባል ቃሉ ያንሳል። ቢሮ ተቀምጣ ሞክራ ነበር፤ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጦ መዋል አልሆነላትም። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ነፋሱ ጆሮዋ ሥር ሲያፏጭ ግን የቤቱም የኑሮውም ሐሳብ ከኋላዋ ይቀራል። ችግሩ ግራ ጉልበቷ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዝናብ የመታው የመንገድ ጉድጓድ የብረት ክዳን ላይ ተንሸራታ ወድቃ ነበር። በሙቀቱ ወራት ጉልበቷ አለሁም አይላት። ብርድ ሲገባ ግን ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይላል፤ ከታጠፈም አልዘረጋ ይላል። እሷም ቅባት በላይ በላዩ ለቅልቃ፣ ጥርሷን ነክሳ ትወጣለች።

የዚያን ዓመት ብርዱ ቀደም ብሎ ገባ። አንድ ጠዋት የስምሪት ኃላፊው አስጠራት። ሁሉም «አለቃ» ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ሲያሳጥር ግን ምላጭ ነው።

«ትናንት ከብስክሌት ስትወርጂ አይቼሻለሁ» አላት። «ግድግዳ ይዘሽ ነው የቆምሽው።»

«ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፣ አለቃ።»

«ጫማሽ ማሰሪያ የለውም።»

ሸምበቆ እግሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

«ሞተረኞች እየቀጠርኩ ነው። አንቺ ብርዱ እስኪያልፍ መጋዘን ትገቢያለሽ። ማሞቂያ አለ፣ ወንበር አለ።»

«ወንበር አማረኝ አልኩዎት?»

«መንገድ ላይ ብትወድቂ የሚደፋው ያንቺ ደም ብቻ አይደለም» አለ አለቃ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሳ።

ይህቺ ንግግር አንጀቷ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ከዚያው ወጥታ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሄደች። ባለሙያዋ ጉልበቷን አገላብጣ አየችና «ይሄ ጉልበት ሥራ አይጠላም፤ የሚጠላው ብርድ ነው። ብስክሌተኞች የሚያደርጉትን የጉልበት ማሞቂያ ግዢ። የሰጠሁሽን እንቅስቃሴ ደግሞ እየሠራሽ ነው?» አለቻት። ሸምበቆ «አዎ» አለች። አልሠራችም ነበር።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ሶፋ ሠሪ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ሰው። በማግስቱ ከሥራ ሲገባ አንድ ጥቅል ከኋላው ደብቆ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት። ስትገልጥ ጥቁር የጉልበት ማሞቂያ ነው። ከጭን መሐል እስከ ባት የሚደርስ፣ ውስጡ ለስላሳ ጥጥ የመሰለ።

«ሰፋ ያለውን ነው ያመጣሁልሽ» አለ ኮራ ብሎ። «ጨርቅ ሁልጊዜ ትርፍ ይኑረው። እግርሽ አየር ያግኝ።»

ስትለብሰው ጭኗ ላይ እንደ ከረጢት ቆመ። እሷ ግን የባሏን ፊት አየች። ደስታው ጆሮው ድረስ ደርሷል። «ልክክ ብሏል!» አለችው። ጉዱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

የሚቀጥለው ጠዋት ጭጋግ መንገዱን ውጦታል። ሸምበቆ ሳጥኑን በጀርባዋ አስራ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ግራው ማሞቂያ ወረድ አለ። በክርኗ ጫፍ ልትገፋው ሞከረች፤ አልሆነም። ፔዳሉ በዞረ ቁጥር ጨርቁ እየተሸበሸበ መጣና ከጉልበቷ ኋላ ተጠቅልሎ ጉብ አለ። እግሯ ልክ መታጠፍ አቃተው። የባሰው ደግሞ ባዶ የቀረው ጭኗና ጉልበቷ ነው፤ ብርዱ እንደ መርፌ ገባበት።

ከኋላዋ የጭነት መኪና ድምፅ ይሰማታል። ገና ሩቅ ነው ብላ ግራ እጇን ከመሪው አነሳችና ጎንበስ ብላ ማሞቂያውን ስትጎትት፣ የፊት ጎማው የአስፋልቱ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። መሪው ተጠመዘዘ። ብስክሌቱ ወደ መንገዱ መሐል ዘነበለ። ጥሩምባው ጆሮዋን ሰነጠቀው፤ የመኪናው ጎን፣ የጭቃ መከላከያው፣ ትልቁ ጎማ፣ ሁሉም እጇን ብትዘረጋ በምትነካው ርቀት አለፉ። የጎማው ውኃ ፊቷን መታት። እንዴት እንደቀናች ራሷም አታውቀውም። ስትነቃ ብስክሌቷ ጠርዝ ላይ ቆሟል፣ ሁለት እግሯ መሬት ረግጧል።

ሳጥኑን ከፈተች። ብልቃጦቹ ደህና ናቸው። ያኔ ነው ማልቀስ ያማራት፤ አላለቀሰችም። ማሞቂያዎቹን አውልቃ ኪሷ ከተተችና ጉልበቷ በብርድ እየነደደ ሥራዋን ጨረሰች።

ቤት ስትገባ «እንዴት ነው ስጦታዬ?» አላት ባሏ።

«ጥሩ ነው። ትንሽ ብቻ ወረድ ይላል።»

«እሱ ቀላል ነው!» አለና ማሞቂያዎቹን ይዞ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ሲመለስ ሁለቱም ጫፎች ላይ ለሶፋ መቀመጫ የሚሆን ወፍራም ላስቲክ ሰፍቶባቸዋል። «አሁን አውሎ ነፋስም ቢመጣ አያወልቀውም» አላት። ሸምበቆ ስታስገባው ላስቲኩ ሥጋዋን ነከሰው። እስኪለምደኝ ነው አለች በሆዷ።

አልለመዳትም። በማግስቱ ማሞቂያው አልወረደም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቁልቁለቱን ጨርሳ ድልድዩን ስታቋርጥ ግራ እግሯ መደንዘዝ ጀመረ። ከተማው ውስጥ ስትገባ ፔዳሉን የምትገፋው የራሷ እግር ይሁን የሌላ ሰው አታውቅም። ላቦራቶሪው በር ላይ ፍሬን ያዘችና እግሯን መሬት ርገጥ አለችው፤ እግሯ አልሰማም። ከነብስክሌቷ በጎኗ ተዘረጋች፤ ብቻ ሳጥኑን ወደ ላይ አድርጋ በክንዷ አዳነችው። የላቦራቶሪው እንግዳ ተቀባይ እየሮጠች መጣችና የማሞቂያውን ጫፍ ገልጣ ስታይ «ኧረ በፈጠረሽ! ይሄ ምንድን ነው፣ ካቴና ነው ወይስ ልብስ?» አለች። ከላስቲኩ ሥር ቆዳዋ ወይን ጠጅ መስሎ፣ ጠልቆ ተሰርጉዷል።

ወሬ ከእሷ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። ስትመለስ አለቃ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሞተረኞቹ ሰኞ ይጀምራሉ» አላት። «አንቺም ሰኞ መጋዘን ትገቢያለሽ። በዚህ ላይ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ፣ እህቴ፤ እኔም አልጨምርም።»

ቤት ስትገባ ፊቷን ጥላ ነው። ባሏ ጭቃውን፣ የተቧጨረውን ክንዷን አየና ከመቀመጫው ተነሳ።

«ወደቅሽ? ላስቲኩ ላላ?»

«ላላ? እንኳን ሊላላ እግሬን ሊቆርጠው ነበር!» ማሞቂያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው። «ሥራዬን አጣሁ። ሰኞ መጋዘን ነኝ።»

«ትላንት ጥሩ ነው አላልሽኝም?»

«ምን ልበልህ? እንደ ልጅ ደስ ብሎህ ቆመህ፣ ምን ልበልህ?»

«እውነቱን!» አለ ጮሆ። «እኔ ሶፋ ነው የምሠራው፤ ያንቺን እግር በምን አውቃለሁ? ካልነገርሽኝ በምን አውቃለሁ?»

ያኔ የጭነት መኪናውን ነገረችው። ከጭጋጉ ጀምራ፣ መሪው ሲጠመዘዝ፣ ጎማው በእጇ ርቀት ሲያልፍ። የባሏ ፊት ቀለሙ ተገፈፈ። ቀስ ብሎ ተቀመጠና ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ማሞቂያዎች ወደ ራሱ ሳባቸው። የሰፋውን ላስቲክ ክር በክር ፈታው።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለ በመጨረሻ። «አብረን እንሄዳለን። አንቺ ትለኪያለሽ፣ እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

«አንተ? አፍህን?»

«እሞክራለሁ።»

የብስክሌት ዕቃ መሸጫዋ ባለቤት ጠጉሯ የሸበተ፣ ባቷ ግን አሁንም እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሴት ናት። ድሮ ተወዳዳሪ ነበረች፤ በኋላም አሠልጥናለች፤ ደንበኞቿ አሁንም «አሠልጣኝ» ይሏታል። ሸምበቆ ስለ ጭነት መኪናውም ስለ ላስቲኩም አንድ በአንድ አጫወተቻት። አሠልጣኝ ዕቃ ከማሳየቷ በፊት ሜትር አወጣች።

«ቁምጣ ልበሺና ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ተቀምጠሽ ከተለካሽ ይዋሻል።» ቀኝ ጭኗን መሐል ላይ፣ ባቷንም መሐል ላይ ለካች። ከዚያ ግራውን። ሜትሩን አንብባ ቆም አለች። ደግማ ለካች።

«ይሄ እግር ታሟል?»

«ድሮ ነው። አሁን ደህና ነው።»

«ደህና አይደለም፣ ልጄ። ጭንሽ ከወዲያኛው በጣም ቀጥኗል። ስትነጂ ቀኙን ታሠሪያለሽ፣ ግራውን ታዝይዋለሽ።»

ባሏ አፉን እንደዘጋ ተጠጋ። ሜትሩን ከአሠልጣኝ እጅ በትህትና ወሰደና ተንበርክኮ ራሱ ለካው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሜትር የያዘ ሰው ነው። ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቅልሎ መለሰ። ሸምበቆ ወደ መስኮቱ ዞረች። ይሄን እግር ከእሱም ከራሷም ደብቃ ነበር የቆየችው።

«ጉልበትሽን ምን ትቀቢዋለሽ?» አለች አሠልጣኝ።

«የሕመም ቅባት። ጠዋት ጠዋት።»

«እስከየት?»

«እስከ ጭኔ።»

«ይኸውልሽ!» አሠልጣኝ እጇን አጨበጨበች። የአንዱን ማሞቂያ አፍ ገልብጣ ውስጡን ዙሪያውን የሚሄደውን የሲሊኮን ጥብጣብ አሳየቻት። «ይህ ደረቅ ቆዳ ብቻ ነው የሚይዘው። ቅባት ሲያገኝ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ይሆናል። መቀባት ካለብሽ ጉልበትሽ ላይ ብቻ፤ ጥብጣቡ የሚያርፍበት ቦታ ይድረቅ።»

ከዚያ አንድ በአንድ አቀረበችላት። ቀጥ ያለ ቱቦ የሚመስለውን ገና ሳይነካ ወደ ጎን አደረገችው፤ «ጉልበት ቱቦ አይደለም» አለች። ከመነሻው ታጥፎ የተሰፋ፣ ግራና ቀኝ ያለው አመጣች። አንደኛው ስፌቱ ልክ ከጉልበት ኋላ እጥፋት ላይ ያርፋል፤ ሸምበቆ ቁጢጥ ስትል ቆዳዋን ፈተጋት፤ እሱም ቀረ። ሌላው ስፌቱ በጎን በኩል ነው፣ ጥብጣቡም ሰፋ ያለ ነው፤ ቀኝ እግሯ ላይ ከቁምጣዋ ጫፍ ሥር ገብቶ ጸጥ ብሎ ተኛ። አሠልጣኝ ጣቷን ከጠርዙ ሥር አስገባች፤ ሳይታገል ገባ። «መያዝ አለበት እንጂ መንከስ የለበትም» አለች፣ ባሏን በጎን ዓይኗ እያየች። ሶፋ ሠሪው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጎማ መመርመር ጀመረ።

ጥግ ላይ ለመሞከሪያ መሬት ላይ የታሰረ ብስክሌት አለ። ሸምበቆ ወጥታ ላብ እስኪያጠምቃት ነዳች። ቀኙ ንቅንቅ አላለም። ግራው ግን ከቁምጣው ሥር ሾልኮ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ሸምበቆ ፔዳሉን አቆመች።

«በቃ» አለች። «ለኔ የሚሆን የለም።»

«ለአንድ እግርሽ ሆኗል» አለች አሠልጣኝ። ሌላ ጥቅል ቀደደች፤ ያው ዓይነት፣ አንድ ቁጥር የሚያንስ። ግራውን ብቻ አውጥታ አለበሰቻት። ሸምበቆ እንደገና ነዳች። ጠበቀች። ጎንበስ ብላ አየች። እንደገና ነዳች። ማሞቂያው ካስቀመጡት ቦታ ፈቀቅ አላለም።

«የተረፉትን ምን ታደርጊያቸዋለሽ፣ እትዬ?»

«አንድ ቀን ቀኝ እግሩ የቀጠነ ሰው ይመጣል።»

ባሏ መቻል አልቻለም፤ ያ ሳቁ መደብሩን አናወጠው። ሸምበቆም ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሰኞ ዕለት ግን መጋዘን ገባች። አለቃ ቃሉን አላጠፈም። ከሰዓት በኋላ የጓንት ካርቶን እየደረደረች ሳለ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፤ ጥቂት ቆይቶ ኮሪደሩ በሩጫ ተሞላ። አዋላጇ ናት፤ ነጭ ልብሷ እጅጌው ደም ነክቶታል።

«የወለደችው እናት ደሟ አልቆም አለ» አለች ለአለቃ፣ እያለከለከች። «ያለንን ደም ጨርሰናል። ናሙናዋ ይኸው፤ ከደም ባንክ ተዛማጁን አስመጡልኝ።»

አለቃ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። «ድልድዩ ላይ ከባድ መኪና ተገልብጧል። አምቡላንሱም ሞተረኞቹም ወዲያ ማዶ ቀርተዋል። እግረኛ ብቻ ነው የሚያልፈው።»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ መጋዘኑ በር ዞሩ። ሸምበቆ ቆማ ትሰማለች።

«ትችያለሽ?» አላት አለቃ። ትዕዛዝ አልነበረም፤ ልመና ነበር።

ሸምበቆ ቦርሳዋን ከፍታ ቁምጣዋንና ማሞቂያዎቹን አወጣች። ጠዋት የተቀባችው ቅባት ጭኗ ላይ እንዳለ ትዝ አላት። ከአዋላጇ አልኮል የነካ ጥጥ ተቀብላ ቆዳዋን አጥብቃ ጠረገች፣ እስኪደርቅ እፍ አለችበት። እጇ ይቸኩላል፤ እሷ ግን ከለከለችው። ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ፣ ጫፉን ከቁምጣው ሥር፣ እጥፋቱን ልክ በጉልበቷ ሎሚ ላይ። ከዚያ ናሙናውን አዝላ ወጣች።

ቁልቁለቱ መስታወት ሆኗል። የበረዶው ጠጠር ፊቷን ይገርፋታል። ያ ስንጥቅ ያለበት ጠመዝማዛ ጋ ስትደርስ መላ ሰውነቷ ማሞቂያው እስኪወርድ ይጠብቅ ጀመር። ጎንበስ ብላ ማየት ፈለገች። አትዪ፣ አለች ለራሷ፤ መሪሽን ያዢ። ሁለት እጇን ፍሬኑ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ አለፈች። አልወረደም። ድልድዩ ላይ የተገለበጠው መኪና ጎማዎቹን ሰማይ አድርጎ ተኝቷል፤ ፖሊሱ ሳጥኑን አየና ገመዱን ከፍ አደረገላት።

ደም ባንኩ ተነግሮት ስለነበር ናሙናውን ከእጇ ነጥቀው ገቡ። ግድግዳ ተደግፋ ስትጠብቅ ላቧ እየቀዘቀዘ፣ ጥርሷ እየተጋጨ፣ በሐሳቧ የማታውቃት ሴት አልጋ አጠገብ ነበረች። ደሙ ተዛምዶ፣ ታሽጎ ሲሰጣት «አይዞሽ» ያላት ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አላየችም።

መከራው ዳገቱ ነበር። ጉልበቷ እንደሞቀ ነው፤ ግን የቀጠነው ጭኗ መሐል መንገድ ላይ አልችልም አለ። እሳት ገባበት። ቀኝ እግሯም ለሁለት መሥራት ሰለቸው። ወርዳ ልትገፋ አሰበች። ብትገፋ ግን መቼ ትደርሳለች? ከኮርቻው ተነስታ ቆመች፤ ብስክሌቱን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች፣ ግራውን እግሯን «በል፣ አንዴ ብቻ፣ አሁንም አንዴ ብቻ» እያለች ጮክ ብላ ተማጠነችው። አንድ ጊዜ ጎማው በቦታው ተሽከርክሮ ወደ ኋላ ልትሄድ ምንም አልቀራትም። ጭጋጉ ውስጥ የሆስፒታሉ በር መብራት ሲታያት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላ ነገር አልለየችውም።

አለቃ በዝናቡ መሐል ያለ ኮት ቆሞ ይጠብቃል። ሳጥኑን ከጀርባዋ ፈትቶ ራሱ ሮጠ። እሷ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ሄልሜቷን ማውለቅ አቃታት፤ ጣቶቿ ደንዝዘው የአገጯን ማሰሪያ መፍታት አልቻሉም። ባሏ ወሬ ሰምቶ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ደረሰ። አጠገቧ ተቀምጦ ግራ ጉልበቷን በሁለት እጁ ያዘ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም አለፍ ስትል አየቻቸውና ቆመች።

«እንቅስቃሴውን ሠርቼ አላውቅም» አላት ሸምበቆ፣ ከየት መጣ ሳይባል። «ከነገ ጀምሬ እሠራለሁ።»

«አውቅ ነበር» አለች ባለሙያዋ።

የማዋለጃው በር እንደተዘጋ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አዋላጇ ወጣች። ጓንቷን አውልቃ መጣል እንኳን ረስታለች።

«ደሙ ቆሟል» አለች። «እናትየዋ ነቅታ ልጄን አምጡልኝ እያለች ነው።»

ከዚያ ሸምበቆ ፊት ቁጢጥ አለችና ጓንቷን አውልቃ፣ የሄልሜቷን ማሰሪያ ፈታችላት።